ካብን ማንበብ፦ የኦርክኒን የድንጋይ ማማዎችና የደሴት መቃብሮች ለሚጎበኝ ዝርዝር መመሪያ

ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ባሕር ተሻግሮ፣ ኦርክኒ በሚባሉት ደሴቶች ላይ፣ ጭቃም ኖራም ሳይነካቸው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆሙ ክብ ማማዎች አሉ። ዕድሜያቸው ከ2000 ዓመት ያልፋል። የአገሬው ሰው ብሮኽ ይላቸዋል። ግንብ ብለን ብንጠራቸው አይገልጻቸውም፤ ግንብ እንደ ጎንደሩ የፋሲል ቤተ መንግሥት በኖራ የተያያዘ ነው፣ ብሮኽ ግን ካብ ነው። የኮንሶን እርከን ቀርቦ ያየ ሰው የድንጋዩ ክብደት ራሱ ድንጋዩን እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል። የብሮኽ ሠሪዎች ይህንኑ ዕውቀት ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ከሁሉም ደህና ሆኖ የቆየው፣ በሼትላንድ ሙሳ ደሴት ላይ ያለው፣ ዛሬም 13 ሜትር ያህል ከፍታ አለው።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በኦርክኒ ሁለት ብሮኾች ላይ ነው፤ በትልቁ ደሴት ላይ ያለው ገርነስና በራውዚ ደሴት ላይ ያለው ሚድሃው። በመካከላቸው አይንሃሎ የተባለ ጠባብ የባሕር ሰርጥ አለ። በሰርጡ ግራና ቀኝ ብዙ የብሮኽ ፍርስራሾች ተደርድረው ካብ ለካብ ይተያያሉ። ከእነሱ ጋር በዕድሜ በጣም የሚበልጧቸው የድንጋይ ዘመን መቃብሮችና የድንጋይ ክቦች ስላሉ ጉዞው የሦስት ቀን ሥራ ነው። በአንድ ቀን ሁሉንም ለማዳረስ የሚሞክር ሰው ድንጋይ አይቶ ይመለሳል፣ ካቡን ግን አያነብም።

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ገርነስ፣ በማግሥቱ ራውዚ፣ በሦስተኛው ቀን እነ ሜስሃው የተባለው መቃብርና ስካራ ብሬ የተባለው ጥንታዊ መንደር። ገርነስ ላይ የብሮኽ አካላት በግልጽ ስለሚታዩ እዚያ የተማራችሁትን ሚድሃው ላይ ትፈትኑታላችሁ።

ዘመኖቹን አታደባልቁ

ጎብኚዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የስቴነስ ቋሚ ድንጋዮች የተተከሉት በ3100 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። የስካራ ብሬ መንደር ሰው የኖረበት ከ3180 እስከ 2500 ቅ.ል.ክ. ድረስ ነው። የገርነስ ብሮኽ የተሠራው ደግሞ ከ500 እስከ 200 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስካራ ብሬ ባዶ ከቀረ በኋላ ብሮኽ እስኪሠራ ያለፈው ጊዜ ከአክሱም ሐውልቶች እስከ ዛሬ ካለው ይረዝማል። ብሮኽ ሠሪዎቹ የድንጋይ ክቦቹን ሲያዩ እነሱም እንደ እኛ ጥንታዊ ነገር ነበር የሚያዩት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የደሴቶቹ ድንጋይ ነው። የኦርክኒ ድንጋይ በተፈጥሮው እንደ ሰሌዳ በስስ በስሱ ይሰነጠቃል። እንጨት ደግሞ በደሴቶቹ ላይ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሌላው አገር በሳንቃ የሚሠራውን አልጋ፣ መደርደሪያና የክፍል መከፋፈያ እነሱ በድንጋይ ሠሩት፤ ለዚህም ነው እስከ ዛሬ የቆየው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ወቅት። ከሜይ እስከ ኦገስት ያለው ጊዜ ይሻላል። ገርነስ በሠራተኛ የሚጠበቀውና በትኬት የሚገባበት ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ነው። ሚድሃውና የራውዚ መቃብሮች ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ ክፍያም የላቸውም። በጁን መጨረሻ የቀኑ ብርሃን ከ18 ሰዓት በላይ ይቆያል፤ በዲሴምበር 6 ሰዓት ብቻ ነው። ትኬት የሚቆረጥባቸውን ቦታዎች የሚያስተዳድረው ሂስቶሪክ ኢንቫይሮመንት ስኮትላንድ ነው። የመክፈቻ ቀናት ስለሚለዋወጡ በምትሄዱበት ሳምንት ድረ ገጹን ተመልከቱ።

ወረቀት። ኦርክኒ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ስለሆነ የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ግን የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። ጀርመን ወይም ጣልያን ያገኛችሁት የሸንገን ቪዛም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ እዚህ አያስገባም። ከአውሮፓ የሚነሱ ወገኖች ይህን እየዘነጉ ትኬት ከቆረጡ በኋላ ይቸገራሉ።

መንገድ። በአውሮፕላን ከኤዲንብራ፣ ከግላስጎ፣ ከአበርዲን ወይም ከኢንቨርነስ ወደ ኦርክኒ ዋና ከተማ ወደ ከርክዎል ይበረራል። በባሕር ሦስት አማራጭ አለ፦ ከስክራብስተር ወደ ስትሮምነስ 90 ደቂቃ፣ ከጊልስ ቤይ ወደ ሴንት ማርጋሬትስ ሆፕ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከአበርዲን ወደ ከርክዎል 6 ሰዓት ያህል። በባቡር የሚመጣ ሰው ከኢንቨርነስ ወደ ተርሶ አራት ሰዓት ያህል ይጓዝና ስክራብስተር አጠገቡ ነው። ባሕር የሚያዞረው ሰው መድኃኒቱን ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ይውሰድ፤ ማዕበሉ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ብዙም አይረዳም።

ሰዓት። የጀልባ ሠሌዳዎች የሚጻፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 09፡30 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 3፡30 ነው፤ 17፡10 ደግሞ ከቀኑ 11፡10። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ የመመለሻውን ጀልባ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጡት። ከራውዚ የሚነሳው የመጨረሻ ጀልባ ካመለጠ እስከ ማግሥቱ ሌላ የለም።

ልብስና ዕቃ። በአገሩ በጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜም ቢሆን ሙቀቱ ከ15 ወይም ከ16 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ ነፋሱ ደግሞ አያቋርጥም። ጃንጥላ ተዉት፤ ይገለበጣል። የሚያስፈልገው ኮፍያ ያለው ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ሶሉ የሚቆነጥጥና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ አንድ ሊትር ውኃ ለአንድ ሰው፣ ምሳ፣ የእጅ ባትሪ ነው። ረጅም ሱሪ ያልነው ለብርዱ ብቻ አይደለም። በካቦቹ ሥር ሳማ ይበቅላል፣ በሣሩም ውስጥ መዥገር አለ። ማታ ስትመለሱ ከጉልበታችሁ በስተኋላና ብሽሽት አካባቢ ፈትሹ።

መኪና። የአውቶቡስ አገልግሎት ቢኖርም ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ለዚህ ጉዞ መኪና መከራየት ይመረጣል። ጉዞው በግራ ነው። ገጠር ስትገቡ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያስኬድ ይሆንና በየተወሰነ ርቀት መተላለፊያ ኪስ ይኖረዋል። ኪሱ በግራችሁ ከሆነ ገብታችሁ ቁሙ፤ በቀኝ ከሆነ እዚያው መስመራችሁ ላይ ቆማችሁ ከፊት የሚመጣው እንዲገባበት ጠብቁ። በኪሱ ውስጥ መኪና አቁሞ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው፤ የገበሬውን ትራክተር መንገድ ይዘጋል።

አንደኛ ቀን፦ ገርነስ

ከከርክዎል ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ኢቪ ወደሚባለው ሰበካ ስትነዱ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዋናው መንገድ የብሮኹን ምልክት ተከትላችሁ ወደ ባሕሩ ትወርዳላችሁ። ለጉብኝቱ ሁለት ሰዓት መድቡ።

ቦታው እስከ 1929 (እ.ኤ.አ.) የሣር ጉብታ ነበር። ሮበርት ሬንዳል የተባለው የኦርክኒ ገጣሚ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ሥዕል ሲነድፍ የበርጩማው አንድ እግር ወደ ውስጥ ሰመጠ። ድንጋዮቹን ሲያነሳ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ አገኘ።

አሁን እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል እንሂድ። ሰው ሁሉ በቀጥታ ወደ ማማው ይሮጣል፤ እናንተ አትሩጡ።

አንደኛ፣ ከውጭ ጀምሩ። ቦታውን የከበቡትን ጉድባዎችና የአፈር ካቦች ዙሩ። አንድ አጥቂ ማማው ጋ ለመድረስ እነዚህን አንድ በአንድ መውረድና መውጣት ነበረበት። በባሕሩ በኩል ክቡ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ፤ ማዕበል የበላው ነው።

ሁለተኛ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው ዋና መግቢያ ግቡ። መተላለፊያው በመንደሩ ቤቶች መካከል አልፎ በቀጥታ ከማማው በር ጋር ያገናኛችኋል። ጎብኚ ከየትም ይምጣ ዓይኑ በሩ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ነው የተሠራው። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ውስጥ ምድጃው፣ መደቡ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ሁሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተሠራ ነው። የመደቡን ቁመት ልብ በሉት፤ የገጠር ቤታችንን መደብ ያስታውሳችኋል።

ሦስተኛ፣ በሩ ላይ ቁሙ። እዚህ አሥር ደቂቃ ብታጠፉ አይቆጭም። ግድግዳው ወደ 4 ሜትር ስለሚወፍር በሩ በር ሳይሆን መሿለኪያ ነው። ወደ ውስጥ ጥቂት ስትራመዱ ሁለት ቋሚ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ግራና ቀኝ ወጣ ብለው ታያላችሁ፤ መቃኖቹ ናቸው፣ ሳንቃው የሚያርፍባቸው። ከመቃኑ ጀርባ በግድግዳው ውስጥ የመቀርቀሪያ ቀዳዳ ፈልጉ። ከውስጥ በኩል ግራና ቀኝ የጠባቂ ጓዳዎች አሉ። በሩን ሰብሮ የገባ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት በኩል ከጨለማ በሚመጣ ጦር መካከል ማለፍ ነበረበት። በባትሪ ወደ ጓዳው ውስጥ አብሩና ጣራውን እዩ፤ እያንዳንዱ የድንጋይ ረድፍ ከሥሩ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ እያለ አናቱ ላይ ይገጥማል።

አራተኛ፣ ውስጥ ገብታችሁ ቀና በሉ። ማማው አሁን የቀረው ከፍታ 3.6 ሜትር ያህል ነው፤ የውጭ ስፋቱ 20 ሜትር ገደማ። በብሮኽ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን ጠርዝ ይፈለጋል፤ የላይኛው ወለል ወይም ቆጡ የሚያርፍበት ነበር። ቀጥሎ ግድግዳው ራሱ አንድ እንዳልሆነ አስተውሉ። ሁለት ክብ ካቦች አንዱ በአንዱ ውስጥ ቆመው፣ በመካከላቸው ክፍተት ተትቶ፣ በየተወሰነ ከፍታ በአግዳሚ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሳስረዋል። ክፍተቱ ሦስት ጥቅም አለው፦ ክብደት ይቀንሳል፣ ደረጃ ይይዛል፣ በውጭኛው ካብ የሰረገው ዝናብ ወደ ውስጥ አይደርስም። ካብ እንዲህ ከፍ ሊል የቻለው በዚህ ብልሃት ነው።

አምስተኛ፣ ወለሉን አንብቡ። መካከል ላይ ምድጃው፣ በአንድ በኩል ወደ ምድር ውስጥ ወደ ውኃ ጉድጓድ የሚወርድ ደረጃ አለ። ደረጃው ያዳልጣል፣ ከላይ ሆናችሁ ብቻ እዩ። የወለሉን ክፍሎች የሚለዩት ቋሚ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከየት ዘመን እንደሆኑ ለማወቅ አንድ ሕግ ያዙ፤ ለማንኛውም የካብ ሥራ ይሠራል። ድንጋዩ ካቡ ላይ የተደገፈ ብቻ ከሆነና በመካከላቸው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካለ ከካቡ በኋላ የመጣ ነው። የሁለቱ ድንጋዮች እንደ ጣት እርስ በርስ ከተሰካኩ ግን አብረው የተካቡ ናቸው። ይህን ሕግ ይዛችሁ ስትዞሩ ያለ አስጎብኚ ማማው ስንት ጊዜ እንደታደሰ መለየት ትጀምራላችሁ።

ስድስተኛ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ፒክት የሚባሉትን የጥንት የሰሜን ስኮትላንድ ሰዎች ቤት እዩ። ብሮኹ ከተተወ በኋላ ሰዎች በፍርስራሹ ላይ ሠርተውት የነበረ ነው፤ በቁፋሮው ጊዜ ተነስቶ እንግዳ መቀበያው አጠገብ እንደገና ተካበ። ክፍሎቹ በአንድ ማዕከል ዙሪያ እንደ ማገጥ ቅጠል የተዘረጉ ናቸው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አንዲት የቫይኪንግ ሴት ከነጌጥ መርፌዎቿ እዚሁ ተቀብራለች። አንድ ቦታ፣ ሦስት ሕዝብ።

መጨረሻ ላይ ወደ ባሕሩ ጠርዝ ሂዱና ራውዚን ተመልከቱ። በሰርጡ ላይ ነፋስ ሳይኖር ውኃው የሚፈላ መስሎ ከታየ የባሕሩ ውኃ በየቀኑ መሙላትና መጉደል የሚፈጥረው ኃይለኛ ፍሰት ነው። ነገ የምትሻገሩት እሱን ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ ወደ ራውዚ መሻገር

ጀልባው የሚነሳው ከቲንግዎል ነው፤ ከከርክዎል 25 ደቂቃ ያህል ይነዳል። መሻገሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ጀልባው አንዳንዴ ወደ ኤጊልሴይና ዋየር ደሴቶች ጎራ ስለሚል ጊዜው ይረዝማል። እግረኛ ቦታ ማስያዝ አያስፈልገውም። መኪና ግን ከቀናት በፊት መያዝ አለበት፤ ጀልባዋ ትንሽ ናት።

ሾፌሮችን የሚያስደነግጠው መኪናው ወደ ጀልባዋ የሚገባው በኋላ ማርሽ መሆኑ ነው። ቀድማችሁ ድረሱ፣ መስታወቶቻችሁን አስተካክሉ፣ የጀልባዋን ሠራተኛ የእጅ ምልክት ብቻ ተከተሉ፤ ራሳችሁን አዙራችሁ በራሳችሁ ግምት ለመግባት አትሞክሩ። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ መኪናውን ቲንግዎል አቁማችሁ በእግር ወይም በብስክሌት ተሻገሩ። ከወደቡ እስከ ሚድሃው መቆሚያ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴቱን የሚዞረው መንገድ በጠቅላላው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ዳገት አለው። በእግር ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይጠይቃል።

ከወደቡ እንደወረዳችሁ መጀመሪያ ወደ ሩቁ ሂዱ። በመንገዱ ዳር ያሉትን መቃብሮች ለመመለሻ አቆዩ። የቀኑን ጉልበትና ደህናውን አየር ሚድሃው ይውሰደው፤ ጊዜ ካጠረ የሚቀሩት ለወደቡ የቀረቡት ይሆናሉ፣ እነሱን ደግሞ ጀልባ እየጠበቃችሁም ታዩአቸዋላችሁ።

ከመኪና ማቆሚያው ወደ ባሕሩ የሚወርደው የእግር መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። መውረጃው 15 ደቂቃ፣ መውጫው 25 ደቂቃ አስቡ። ሣሩ ሲረጥብ ያዳልጣል። የከብት በር ካጋጠማችሁ እንዳገኛችሁት መልሳችሁ ዝጉ። በላምና በጥጃዋ መካከል ግን አትግቡ፤ ዞራችሁ እለፉ። በስኮትላንድ ሕግ በ2003 በወጣው የመሬት አዋጅ መሠረት ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተራመደ ድረስ በእርሻ ዳር የማለፍ መብት አለው። መብቱ የተከበረው ጎብኚው ከብትና ሰብል ስለሚያከብር ነው።

ሚድሃው፦ መቃብሩና ማማው

ታች ስትደርሱ የሚታያችሁ ትልቅ የድንጋይ መጋዘን የሚመስል ሕንፃ ነው። ብዙ ሰው መግቢያ ቢሮ ይመስለዋል። ውስጡ ያለው በ1930ዎቹ የተቆፈረው የሚድሃው መቃብር ነው፤ ሕንፃው የተሠራው ከዝናብ ሊከልለው ነው። ቆፋሪዎቹ የደሴቱ ባለርስት ዋልተር ግራንትና አርኪዮሎጂስቱ ግራሃም ካላንደር ነበሩ።

ግቡና በላይ በተዘረጋው መሸጋገሪያ ላይ ውጡ፤ መቃብሩን ከላይ ወደ ታች ታዩታላችሁ። የውስጡ ርዝመት 23 ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ በወጡ ቋሚ ጠፍጣፋ ድንጋዮች 12 ቦታ ተከፍሏል፤ የፈረስ ጋጣ በረድፍ እንደማለት ነው። በአንድ በኩል በየጋጣው መደብ አለ። በእነዚህ ላይ የ25 ሰዎች አፅም ተገኝቷል። ከላይ ካያችሁ በኋላ ውረዱና የውጭውን ግድግዳ ቀርባችሁ እዩ። ድንጋዩ አግድም አልተደረደረም። አንዱ ረድፍ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው፣ ልክ እንደ ስንዴ ዛላ። ለጥንካሬ ከሆነ አግድሙ ይበቃ ነበር። ይህ ለዓይን የተሠራ ነው፤ ከ5000 ዓመት በፊት አንድ ካቢ ስለ ውበት ተጨንቆ እንደነበር የሚያሳይ ግድግዳ ነው።

ከመቃብሩ ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ ብሮኹ ቆሟል። ግራና ቀኙ ባሕሩ ወደ ውስጥ የሠነጠቃቸው ገደሎች ናቸው፣ ፊት ለፊቱ ውኃ ነው። በየብስ በኩል ብቻ ጉድባና ወፍራም ካብ ያስፈልገው ነበር። የስሙ ትርጉም መካከለኛው ጉብታ ነው፤ በስተሰሜንና በስተደቡቡ ሌሎች ሁለት ያልተቆፈሩ ጉብታዎች አሉ።

እዚህ የገርነስን ትምህርት ተጠቀሙበት። በሩን፣ ጓዳውን፣ ጠርዙን ራሳችሁ ፈልጉ። ውስጡ በቋሚ ሰሌዳ ድንጋዮች ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ምድጃዎቹና በወለሉ ላይ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ይታያሉ። በቁፋሮው ከወጡት ዕቃዎች መካከል የሮማውያን ሸክላና የነሐስ ጭልፋ ስባሪ ነበረበት፤ ይህች የዳር ደሴት ከሩቅ ዓለም ዕቃ ይደርሳት ነበር ማለት ነው።

ሚድሃው ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ስሕተት ነው። ወደ ውጭ ውጡና በግድግዳው ሥር ዙሩ። በአንድ በኩል ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች በቁማቸው ከካቡ ጋር ተለጥፈው ታገኛላችሁ። ድጋፍ ናቸው። የዚህ ማማ ሠሪዎች በሁለቱ ካቦች መካከል ያለውን ክፍተት ከመሬት ጀምረው ተዉት። ሥሩ ድፍን መሆን ሲገባው ባዶ ሆነ፤ ሸክሙ ሲበዛ ግድግዳው ወደ ውጭ መንሸራተት ጀመረ። ያኔ ነው እነዚህን ድንጋዮች ያቆሙለት። በኋላም ክፍተቱን በድንጋይ ሞሉት። ወገባችሁን ጎንበስ አድርጋችሁ የካቡን ፊት በአንድ ዓይን ከጎን ብትመለከቱት ያበጠው ቦታ ራሱ ይታያል።

ለዚህ ነው ካብ ላይ አትውጡ የሚባለው። በኖራ የተያያዘ ግንብ አንድ ድንጋይ ቢነቀል ሌላው ይቆያል። ካብ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ከላዩ ያለውን ተሸክሞ በቦታው የሚይዝ ነው፤ የሚረግጠው ሰው ሚዛኑን ትንሽ ካናጋው ቀሪውን ዝናብና ውርጭ ይጨርሱታል። ድንጋዩ ላይ ያለው የድንጋይ ሽበት ደግሞ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። ገደሉ አጥር የለውም፤ ልጆችን በእጅ ያዙ። በገደሉ ላይ ፉልማር የሚባሉ ግራጫና ነጭ ወፎች ይተኛሉ። ጎጆዋ አጠገብ የደረሰባትን ሰው ፉልማር ከአፏ የሚከረፋ ዘይት ትተፋበታለች፤ ሽታው ከልብስ አይለቅም። ወፏ ቀና ብላ አፏን ከከፈተች ወዲያው ወደ ኋላ በሉ።

ስትመለሱ በመንገድ ዳር

የያርሶ መቃብር ዳገት ላይ ነው፤ ሽቅቡ ይከብዳል፣ እይታው ግን ይክሳል። እዚያ የ29 ሰዎች አፅምና ብዙ የአጋዘን አጥንት ተገኝቷል። ብላክሀመር ከመንገዱ ቅርብ ሲሆን በጣራው ቀዳዳ በመሰላል ይወረዳል፤ ከታች እርጥበት ስላለ የመሰላሉን እግር ሳታዩ አትርገጡ። ጊዜያችሁ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ታቨርሶ ቱክን ምረጡ። ከወደቡ በእግር ይደረሳል፣ ዓይነቱም ብርቅ ነው። መቃብር በመቃብር ላይ፣ ማለትም ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ መግቢያ አለው። ወደ ታችኛው ክፍል ስትወርዱ ጎንበስ በሉ፤ ቦርሳችሁን ከላይ ተዉት።

ሦስተኛ ቀን፦ የድንጋይ ዘመን ኦርክኒ

ሜስሃው፣ ስቴነስ፣ ብሮድጋርና ስካራ ብሬ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ በአንድነት ሰፍረዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ያን ቀን ስንት የሽርሽር መርከብ እንደሚገባ የኦርክኒ ወደቦች ከሚያወጡት ሠሌዳ እዩ። ትልቅ መርከብ ካለ አውቶቡሶቹ ስካራ ብሬንና ብሮድጋርን ያጥለቀልቃሉ። ያኔ እነዚህን ሁለቱን ወደ ማታ አድርጓቸው፤ ብሮድጋር መዝጊያ ሰዓት የለውም።

ሜስሃው የሚገባው በአስጎብኚ ብቻ ነው። ቦታ ከቀናት በፊት በኢንተርኔት ይያዛል፣ ከስቴነስ እንግዳ መቀበያ በአውቶቡስ ይወስዷችኋል። መግቢያው ወደ 10 ሜትር የሚረዝም ዝቅተኛ መሿለኪያ ነው፤ እስከ መጨረሻው ጎንበስ ብሎ ነው የሚኬደው። ወገብ ወይም ጉልበት የሚያመው፣ ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የክፍሉ አራት ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ትልልቅ ቋሚ ድንጋዮች እዩ፣ ከዚያ ግድግዳው እንዴት ወደ ውስጥ እየጠበበ እንደሚወጣ። በገርነስ የጠባቂ ጓዳ ጣራ ላይ ያያችሁት ብልሃት ነው፣ ከ2000 ዓመት በላይ ቀድሞ። በግድግዳው ላይ ከ30 በላይ ጽሑፎች አሉ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገብተው የነበሩ ኖርስ የሚባሉ የስካንዲኔቪያ ዘሮች፣ ሩን በሚባለው ጥንታዊ ፊደላቸው የጫሩት ነው።

ስቴነስ ላይ ቆመው ያሉት አራት ናቸው፤ ረጅሙ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ባለው ቀጭን መሬት ወደ ብሮድጋር 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ሂዱ። በመንገዳችሁ የምታልፉት ኔስ ኦፍ ብሮድጋር የተባለው የድንጋይ ዘመን ሕንፃዎች ቁፋሮ በ2024 ተመልሶ በአፈር ስለተሸፈነ ብዙ የሚታይ ነገር አትጠብቁ። ብሮድጋር 104 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። መጀመሪያ 60 ድንጋይ ነበረው ተብሎ ይገመታል፤ ዛሬ 27 ቆመዋል። ዙሪያውን ያለው ጉድባ በአለት ውስጥ የተፈለፈለ ነው። ሣሩ እንዲያገግም አንዳንድ መንገድ ሲዘጋ ገመዱን አትሻገሩ።

ስካራ ብሬን በ1850 የገለጠው ማዕበል ነው። ቤቶቹ ውስጥ አይገባም፣ በላይ ባለው መንገድ እየዞራችሁ ወደ ታች ታያላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እንግዳ መቀበያው አጠገብ ወደ ተሠራው አምሳያ ቤት ግቡ፤ በሩ የቱን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ምድጃው ከአልጋው ምን ያህል እንደሚርቅ በአካላችሁ ለኩት። ከዚያ ወደ እውነተኛው ስትሄዱ ከበሩ ትይዩ ያለውን የድንጋይ መደርደሪያ ታውቁታላችሁ።

በክረምት ለምትሄዱ አንድ ነገር አለ። በዲሴምበር 21 አካባቢ፣ በእኛ ታኅሣሥ 12፣ የምትጠልቀው ፀሐይ በሜስሃው መሿለኪያ ገብታ የጀርባውን ግድግዳ ታበራለች። ብርሃኑ ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ይታያል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚሻማበትን ዕለት ትታችሁ በጃንዋሪ መጀመሪያ ያለውን የከሰዓት በኋላ የመጨረሻ ጉብኝት ያዙ። ደመና ሊጋርደው ስለሚችል ሁለት ተከታታይ ቀን ማስያዝ ይሻላል።